መቀመጥ የማትችለው ልጅ

ሰደፍ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ክፍሏ ስትመለስ እናቷን፣ አሚን፣ ግድግዳው ፊት ቆመው አገኘቻቸው። አጣጥፈው ያመጡትን ልብስ እንኳ አላስቀመጡም፤ ደረታቸው ላይ እንዳቀፉት፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ግድግዳው ላይ ስልሳ ያህል ወረቀት ተለጥፏል። በየወረቀቱ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ ሦስት መልስ፤ ከየመልሱ ተነስቶ ወደ ሌላ ወረቀት የሚሄድ ቀይ ክር።

«ጥያቄ ሰባት» አሉ አሚ ጮክ ብለው። «‹የኔ ልጅ፣ የሮቲ ቂጣሽ ክብ ሆኖ ይወጣልሻል?› አንደኛ መልስ፣ ‹አዎን እትዬ።› ሁለተኛ መልስ፣ ‹እንደ ዱቄቱ ነው።› ሦስተኛ፣ ዝም ብላ ፈገግ ትላለች።»

«አሚ፣ እሱ እኮ...»

«ሦስተኛው ነው!» ዘወር ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ይኸው እኮ ነው ስነግርሽ የኖርኩት! ዝም ብሎ ፈገግ። ልጄ፣ አንቺ እንዲህ ተቀምጠሽ ስታጠኚ እኔ ‹ግድ የላትም› እያልኩ ለሰው ሳማሽ! አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሰደፍ አፏን ከፈተች። መናገር ያለባት ነገር አጭር ነበር፤ አራት ቃል ቢሆን ነው። ግን እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ አራት ቃል ለማውጣት አራት ቀን የሚፈጅባት ሰው ናት። እናቷ ደግሞ ግንባሯን ስመው፣ ልብሱን አልጋው ላይ ጣል አድርገው፣ ደስታ እግራቸውን አሳጥቷቸው ወጡ። ፀጉሯ ሳይደርቅ ድምፃቸውን ከሳሎን ሰማችው፤ ስልክ ላይ ናቸው።

«ሻጉፍታ! ስሚኝ፣ ልጅቷ ልብ ገዛች! ኧረ ግድግዳ ሙሉ ጽፋ እያጠናች ነው! በክር አያይዛ! አዎ፣ በክር! እነዚያን የሲያልኮት ከተማ ሰዎች አምጪልኝ፤ ሐሙስ ይሁን።»

ሰደፍ እያጠናች አልነበረም። የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራች ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ጨርሳ፣ እዚያው ላሆር ከተማ፣ ሰመናባድ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትሠራለች። ጧት ጧት ለሌላ ሰው ጨዋታ ዛፍና አጥር እየሳሉ የዕለት ጉርሳቸውን ያገኛሉ፤ ከሰዓት በኋላ የራሳቸውን ይሠራሉ። የራሳቸው የሚሏት ጨዋታ ከተጀመረች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል፤ ስሟ «ሐሙስ አስር ሰዓት» ነው።

በጨዋታው ውስጥ አንዲት ልጅ የሻይ ትሪ ይዛ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማለች። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሰዓቱ አስር። መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ሳሎኑ ውስጥ ለወንድ ልጃቸው ሊያዩዋት የመጡ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሻይ ትቀዳለች፣ ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች። አረማመዷን ያያሉ፣ ጣቶቿን ያያሉ፣ ከምላሷ ይልቅ ዝምታዋን ይመዝናሉ። ከዚያ ይሄዳሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ስልክ ይደወላል፦ «ኢስቲኻራ ጸልየን ነበር፤ ምልክቱ ጥሩ አልመጣም።» ስልኩ ሲዘጋ ዓለም ነጭ ይሆናል። ወዲያው ልጅቷ ትሪውን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። ሐሙስ ነው፤ አስር ሰዓት። ሻዩ እንደገና ትኩስ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ያ ስልክ ነው። በሰፈሩ ማንም ሰው «ልጃችሁን አልወደድናትም» ብሎ በገዛ አፉ አይናገርም፤ ነውር ነው። ጸለይን፣ ፈጣሪን ጠየቅን፣ ምልክቱ አልሆነም ይባላል። በአላህ የተላከከ እምቢታ ደግሞ ይግባኝ የለውም። ሰደፍ ይህ ስልክ አስራ ሰባት ጊዜ ተደውሎባታል። አንዴ በመነጽሯ፣ አንዴ በቁመቷ፣ አንዴ ደግሞ አባቷ ስለሞተ፤ እውነተኛውን ምክንያት ሰፈሩ ኻላ፣ አክስት፣ የሚላት ሻጉፍታ ናት ቆይታ በጓሮ የምታመጣላቸው። አስራ ሰባቱንም ጊዜ ስልኩን ያነሱት አሚ ናቸው። አስራ ሰባቱንም ጊዜ «በኸይር ነው፣ በኸይር ነው» ብለው ዘግተው፣ ኩሽና ገብተው፣ የታጠበውን ድስት እንደገና አጥበዋል።

ጨዋታው አንድ ነገር ጎድሎታል፤ መጨረሻ። ጨዋታውን ለገበያ ሊያወጣላቸው ያሰበ አንድ የካራቺ ሰው «ሁለት መጨረሻ ይበቃዋል፤ ወይ ታግባ፣ ወይ ትጥፋ» ብሎ ጽፎላታል። ሰደፍ ሁለቱንም ሞክራለች። ስትድራት ልጅቷ በሌላ ቤት፣ ከሌላ መጋረጃ ጀርባ፣ ያንኑ ትሪ ይዛ ቆመች። ስታስጠፋት ባቡር ጣቢያ ደርሳ ቀጥ አለች። ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ ሰደፍም አታውቅም።

ሰኞ ዕለት ኻላ ሻጉፍታ ቤቱን ልትገመግም መጣች። ሻጉፍታ የሰፈሩ አገናኝ ናት፤ ቦርሳዋ ውስጥ የአርባ ወንድ ፎቶግራፍ፣ ሆዷ ውስጥ የአርባ ቤት ምስጢር ይዛ ትዞራለች። ሶፋው ላይ ዘፍ ስትል የተሸፈነበት ላስቲክ ጮኸ።

«ይሄን ላስቲክ አንሺው እህቴ፤ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ዳክዬ የረገጠ ይመስላል። ሻዩ ሄል ይግባበት። ልጅቷ መነጽሯን ታውልቅ።»

«ካወለቀች ትሪውን ሰው ላይ ትደፋዋለች» አሉ አሚ።

«እንግዲያው ቀስ ብላ ትራመዳ! ሳያዩ ቀስ ማለትም ጨዋነት ይመስላል።»

ሰደፍ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማለች። በዚህ መሃል ታናሿ ሚናሂል ከትምህርት ቤት ገባች። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ወሬና ሳቅ ሁሉ የወሰደችው እሷ ናት፣ ለሰደፍ ምንም አልተረፈም።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ሻጉፍታ አፍንጫዋን በዱፓታ ሻርፗ ጫፍ ይዛ።

«ጎሽ ነው ኻላ። ዛሬ ስትወልድ ጥጃው ሆዷ ውስጥ ተጣሞባት ነበር፤ እጄን እስከዚህ ድረስ አስገባሁ።» ሚናሂል ትከሻዋን አሳየቻት።

«ኧረ በአላህ! ይቺን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት?»

«እኔ ነኝ» አሉ አሚ። ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን ቶሎ ዋጡት።

ሚናሂል ልትታጠብ ስትሄድ ሻጉፍታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ያለ ድምፅዋ ግን ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም።

«ሐሙስ ይቺንም ደህና ነገር አልብሻት።»

«እሷን ደግሞ ለምን?»

«እህቴ፣ ገበያ የወጣ ሰው አንዱን ዕቃ ብሎ ገብቶ ሌላውን ይዞ ይወጣል። ትንሿ ቀላ ትላለች፤ ፊቷ ክፍት ነው።»

«ትማራለች እኮ፣ ሻጉፍታ።»

«የሲያልኮቶቹ የመጀመሪያዋ ምራትም ትማር ነበር። ሐኪም ልትሆን ሁለት ዓመት ሲቀራት ነው የወሰዷት፤ ዛሬ ኩሽናውን ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች። ትልቋ አልሆን ካለች ቢያንስ አንዷ ትሂድልሽ። ያለ አባት ሁለት ሴት ልጅ፤ እኔ ስለ አንቺ ነው እንቅልፍ የማጣው።»

ሰደፍ ቢላዋዋን አቁማ ጠበቀች። እናቷ «አይሆንም» ይላሉ ብላ ነበር። ሽንኩርቱን ጨርሳ ከተፈችው፤ ቃሉ አልመጣም። የመጣው የአሚ ረጅም ትንፋሽ ብቻ ነው።

አስራ ስምንተኛውን ሻይ ራሷ መቅዳቱ አላስፈራትም፤ ለምዳዋለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች አስራ ሰባቱን አሳልፋለች። ያስፈራት ትሪው ከእሷ እጅ ወጥቶ ሚናሂል እጅ ውስጥ እንዳይገባ ነው። እሷ ሳትወደድ ስትቀር ጊዜው ዞሮ እንደገና ይጀምራል፤ ሚናሂል ብትወደድ ግን መዞሪያውም ይዘጋል፤ ትምህርቱም፣ ጎሾቹም፣ ሳቁም ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ያበቃል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መብራት ነበረ። ሰደፍ ኮምፒውተሯን ሳሎን አውጥታ ጨዋታውን ለሚናሂል ከፈተችላት። ሚናሂል ላስቲኩ በተነሳለት ሶፋ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመች መጫወት ጀመረች።

«ደፋሁባት! ሴትየዋ ላይ ሻዩን ደፋሁባት!»

«ቀጥሎ ምን ሆነ?» አለች ሰደፍ።

«... ሐሙስ ሆነ። ቆይ፣ በመስኮት ልዝለል።» ቁልፉን ተጫነች። «ሐሙስ። ባጂ እህቴ፣ ሲያዩሽ የድመት ግልገል ትመስያለሽ፤ ውስጥሽ ግን ክፉ ነሽ።»

«ቀጥይ።»

ሚናሂል ስኒ ሰበረች፣ ሽንት ቤት ገብታ ቆለፈች፣ ለሁሉም ጥያቄ «እንደ ዱቄቱ ነው» ብላ መለሰች። ሃያ ያህል ጊዜ ዞራ ስትመለስ ቆሎውን አስቀምጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«መቀመጫው የትኛው ቁልፍ ነው?»

«የምን መቀመጫ?»

«ልጅቷ የምትቀመጥበት። ሁሉም ሰው ተቀምጧል፣ አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ ወንበሩን ስነካው ግን ምንም አይልም። ደከመኝ እኮ! ከመጣሁ ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

ሰደፍ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ለልጅቷ ከአራት መቶ በላይ ነገር ጽፋላታለች፤ መቅዳት፣ መድፋት፣ መሰባበር፣ መሮጥ፣ ማልቀስ፣ መሳቅ፣ ከመስኮት መዝለል። መቀመጥን አልጻፈችም። አልከለከለቻትም፤ ጭራሽ ትዝ አላላትም። ራሷ አስራ ሰባት ጊዜ ቆማ ነው የቀዳችው፤ እንግዳዋ ሶፋውን መታ መታ አድርጋ «ነይ እስኪ አጠገቤ» እስክትላት ድረስ የሚታየው እግሯ ነበር። ያን ወንበር በእጇ ስላው፣ ቀለም ቀብታው፣ ጥላ ሠርታለት፣ ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

በሩ ላይ አሚ ቆመው ነበር፤ በአንድ እጃቸው ለነገ የሚተኮሰውን ዱፓታ ይዘዋል። ከስክሪኑ ላይ ጥያቄ ሰባትን አነበቡ።

«ይሄ ያ የግድግዳሽ ጽሑፍ አይደለም?»

አራቱ ቃላት በአራተኛ ቀናቸው መጡ። «ጥናት አይደለም፤ ጨዋታ ነው» አለች ሰደፍ።

አሚ ዱፓታውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ «ተነሺ እስኪ» አሉ ሚናሂልን። «የት ነው የሚጫነው?»

መጀመሪያ ጣታቸው እየፈራ፣ ቆይቶ እየደፈረ፣ ልጅቷን ከመጋረጃው አወጧት። ሻይ ቀዱ። ለእንግዳዋ ሦስተኛውን መልስ ሰጡ፤ ዝም ብሎ ፈገግ። ስልኩ ተደወለ። ኢስቲኻራው ጥሩ አልመጣም። ዓለም ነጭ ሆነ። «አሳምሬ ነበር እኮ የመለስኩላት!» ብለው ወደ ሰደፍ ዞሩ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ነጭ ሆነ። «ይቺ ሴትዮ ዓይን የላትም እንዴ? ምን ጎደላት ልጅቷ?» በአራተኛው ዙር እንግዶቹን ተዉና ጥግ ላይ የተቀመጠችውን የልጅቷን እናት ነኩ። እናትየዋ ቀና ብላ «ልጄ፣ ሻዩን አምጪ» አለች። እንደገና ነኳት። «ልጄ፣ ሻዩን አምጪ።»

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አሚ፣ እናትየዋ ናት እንጂ...»

«ሌላ ነገር አልናገርም?»

ሰደፍ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

አሚ ዱፓታውን አንስተው ቆሙ። «ነገ ይመጣሉ። ቃል ሰጥቻለሁ፤ ደጄ የሚመጣ እንግዳ አልመልስም» ብለው ወጡ። ማታ ኮምፒውተሩን ስትዘጋ ሰደፍ ጨዋታው የመዘገበውን አየች። እናቷ እናትየዋን የነኳት ሁለቴ ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ ራት ሲያቀርቡ ተመልሰው መጥተው፣ ሌላ አሥር ጊዜ ነክተዋታል።

ሐሙስ ሩብ ለአስር መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ። እንግዶቹ ሲገቡ ሳሎኑ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ግሎ ነበር። እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ የልጁ እናት ቤገም ጠይባና ባለትዳር ልጃቸው ኢራም። ኻላ ሻጉፍታ ሦስተኛ ሆና መሃላቸው ተቀመጠች። ሙሽራ የሚሆነው ሰውዬ እንደ ወጉ አልመጣም፤ የመጣው ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶግራፉ ነው። ፋብሪካቸው የእግር ኳስ ይሰፋል። በፎቶግራፉ ላይ አንድ ኳስ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል።

ሰደፍ ትሪውን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። የሻዩ እንፋሎት መነጽሯን አደበዘዘው።

«ልጄ፣ ሻዩን አምጪ» አሉ አሚ ከሳሎን። ቀጥሎ የሳሉት ሳል ሆን ተብሎ የተሳለ ይመስል ነበር።

ገባች፤ ቀዳች፤ ስኳር ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ቤገም ጠይባ መነጽሯን አስወለቋት፣ ወዲያው መልሰው አስደረጓት። ከኢራም ጎን አቁመው ቁመቷን ለኩ።

«ሥራ አላት አሉኝ?»

«ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ትሥላለች» አለች ሻጉፍታ ፈጥና። «እቤት ሆና የምትሠራው ነው። ሲፈልጉ ይተዉታል።»

«እኛ ቤት ምን ጠፍቶ ትሥላለች» አሉ ቤገም ጠይባ ፈገግ ብለው። ሻዩን ፉት አሉና ዓይናቸው ሰደፍን አልፎ ወደ መጋረጃው ሄደ። ሻጉፍታ ምልክቱን ጠብቃ ነበር።

«ሚናሂል! ሳንቡሳው ይቀዘቅዛል፣ አምጪው እንጂ!»

ሚናሂል ሳህኑን ይዛ ወጣች። አረንጓዴ ልብስ ነው ያለበሷት፤ ፀጉሯ ተጎንጉኗል። ቤገም ጠይባ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ማሻአላህ። ይቺ ትንሿ ናት? ስንት ዓመትሽ ነው የኔ ልጅ?»

«አስራ ዘጠኝ።»

«ነይ እስኪ ወደ ብርሃኑ። ኢራም፣ አየሻት? እጇን አሳዪኝ። የኔ ልጅ፣ ሮቲሽ ክብ ሆኖ ይወጣልሻል?»

ሰደፍ የሚናሂልን መልስ ጠበቀች። ይቺ ልጅ ለዚህ ጥያቄ ስለ ጎሽ፣ ስለ ጥጃ፣ ስለ ክንድና ትከሻ ስንት መልስ አላት! ሚናሂል ግን ወለሉን አየች። ዝም አለች። ከዚያ ፈገግ አለች።

መልስ ሦስት። ማንም ሳያስጠናት።

ከጠረጴዛው ማዶ ባዶው ወንበር ነበር፤ ሁልጊዜም እዚያ ነበር። ሰደፍ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ወንበሩን ሳበችው፤ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ፣ ሁሉም ዞሩ። ተቀመጠች። የሚናሂልን እጅ ይዛ ሳህኑን ተቀበለቻትና አንድ ሳንቡሳ አነሳች።

«ሰደፍ!» አለች ሻጉፍታ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ቆሜ ደከመኝ ኻላ።» ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተሰበረም። ወደ ቤገም ጠይባ ዞረች። «እትዬ፣ እኔም ብጠይቅ ቅር ይልዎታል? ልጅዎ ለምን አልመጣም?»

ቤገም ጠይባ ለኢራም ዓይናቸውን ላኩ። «እሱማ... ሥራ አለበት።»

«ሻይ ማፍላት ይችላል?»

«ማን? ሙጀሂድ?»

ኢራም ሳቋ አመለጣት፤ በዱፓታዋ አፏን ሸፈነች።

«መነጽር ያደርጋል? ሲራመድ እግሩ ይጣመማል? ፎቶግራፉ ላይ ኳሱ ጋርዶታል። ሌላ ክፋት የለኝም፤ እኛን እንዳዩን ልናየው ብለን ነው።» ሳንቡሳውን አስቀመጠችው። «እህቴ ሐኪም ልትሆን ሦስት ዓመት ይቀራታል። ሮቲዋ ክብ አይወጣም፤ እኔ በልቼ አውቃለሁ።»

«እንደ አህጉር ካርታ ነው የሚወጣው» አለች ሚናሂል ቀስ ብላ። ድምፅዋ ተመለሰ።

ቤገም ጠይባ ከሰደፍ ላይ ዓይናቸውን አንስተው ወደ አሚ ዞሩ። ቁጣቸው በጨዋ ደንብ የታጠፈ ነበር። «ልጅዎ ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

ሻጉፍታ አሚን በዓይኗ ለመነቻቸው። ሰደፍ ወደ እናቷ ለማየት አልደፈረችም፤ ጠረጴዛውን አየች። የምትሰማውን ታውቀዋለች፤ ራሷ የጻፈችው ነው፤ ሌላ መስመር አልሰጠቻቸውም።

የሻይ ማንቆርቆሪያው ከጠረጴዛው ተነሳ። አሚ ቆመው ነበር። በእንግዳ ስኒ፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ ከመስታወቱ ቁም ሣጥን በሚወጣው፣ ባለ ወርቅ ጠርዙ ስኒ ቀዱ። ጎንበስ ብለው ስኒውን ሰደፍ ፊት አስቀመጡ።

«ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» አሉ።

ሰደፍ በጣቷ ሁለት አሳየች።

አሚ ሁለት ማንኪያ አድርገው አማሰሉላት። ከዚያ ለሚናሂል ቀዱ። ከዚያ ለራሳቸው፤ ቀድተውም ተቀመጡ።

ቤገም ጠይባ ዱፓታቸውን አስተካክለው ተነሱ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ወጉን ግን አልሳቱም። «እንግዲህ» አሉ፣ «ኢስቲኻራ ጸልየን እናሳውቃችኋለን።»

«አይድከሙ እትዬ» አለች ሰደፍ። አልተነሳችም። «በአላህ አናላክክ። መልሱን እኔ ልንገርዎት፤ አይሆንም። ለእኔም፣ ለእህቴም።»

በዚያ ሳሎን ውስጥ እምቢታ ከሰው አፍ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሻጉፍታ የፎቶግራፍ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ተነሳች። ቤገም ጠይባ ወደ በሩ ዞሩ፤ እንዲህ ላለ ነገር የተዘጋጀ መልስ ማንም አስተምሯቸው አያውቅም። ኢራም ጫማዋን ስታደርግ ጎንበስ እንዳለች ቀና ብላ ሰደፍን አየቻት፤ ከዚያ እናቷን ተከትላ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ መብራት መጣ፤ ማራገቢያው መዞር ጀመረ።

«ሳንቡሳውን ሳይነኩ ሄዱ» አሉ አሚ። አንዱን አነሱና ከመሃል ገመሱት። «ነገ ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አውቃለሁ» አሉ አሚ፣ ግማሹን ለሚናሂል ሰጧት። «ብዪ። ደግሞ ያን ልብስ አውልቂው፤ ዘይት ይነካዋል።»

ሰፈሩ ከሚጠበቀው በላይ አለ። ሻጉፍታ በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ ከእንግዲህ ለዚያ ቤት ሰው እንደማታመጣ፣ ስለዚያ የጥያቄ ግድግዳ የነገረቻቸው ሰዎች ሁሉ እንደሚረግሟት ነገረቻቸው። አሚ እስከ መጨረሻው ሰምተው «በኸይር ነው» ብለው ዘጉ። ከዚያ ኩሽና አልገቡም፤ ሳሎን ተቀምጠው ሹራባቸውን ቀጠሉ።

ሰደፍ ከሐሙሱ በማግስቱ ቢሮዋ ገብታ የመቀመጫውን ቁልፍ ጻፈች። ልጅቷ ስትቀመጥ የሚሆነውን ሁሉ ለመጻፍ አምስት ሳምንት ፈጀባት። ጥግ ላይ ለተቀመጠችው እናት ሁለተኛ መስመር ጨመረችላት፤ ቃላቱን አልቀየረችም፣ «ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» ነው የሚለው። የካራቺው ሰውዬ አዲሱን መጨረሻ አይቶ «ይህ መጨረሻ አይደለም፣ ማንም አላገባም፣ ማንም አልጠፋም» ብሎ ተወው። ሰደፍ «ተቀምጣለች» ብላ አንድ ቃል መለሰችለት። ጨዋታውን ከሁለቱ ጓደኞቿ ጋር ራሳቸው በጥር አወጡት፤ በዚያው ወር ሚናሂል የሁለተኛ ዓመት ፈተናዋን አለፈች።